የኋላው ጎማ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ረጅም ጭነትና ጠባብ መታጠፊያ ናቸው። ከቃሊቲ እስከ ዱከም መጋዘኑ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ገብቷል። ከባድ መኪናውም ተከትሎት ገብቷል።

«ጋሼ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አመላልሳለሁ። ወደ መጋዘኑ በቀኝ ስታጠፍ የኋላ ጎማዬ ሁሌ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ሰፋ አድርጌ ነው የምገባው። ምን አጠፋሁ?» ሾፌር፣ ገላን

መሪውን ቶሎ የምትጠመዝዝ ይመስለኛል። የተሳቢው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ተሳቢው የሚጋጠምበት ቦታ በ12 ሜትር ራዲየስ ይዞራል እንበል። ከመጋጠሚያው እስከ ኋላ ጎማዎቹ 8 ሜትር ከሆነ፣ ዙሩ ሲቀጥል ጎማው 3 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ርቀቱ 10 ሜትር ከሆነ ደግሞ ከ5 ሜትር ያልፋል። ለአንድ ተራ መታጠፊያ ከዚህ ያንሳል። ግን ሁለት ሜትር ርዝመት ምን ያህል እንደሚያመጣ እይ።

ስለዚህ ጋቢናው ማዕዘኑን ካለፈ በኋላም ትንሽ ቀጥ ብለህ ሂድ። ከዚያ በዝግታ ጠምዝዝ። የቀኙን ስፖኪዮ አትልቀቅ። ጎማው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቁም፣ ወደኋላ ተመለስና እንደገና ግባ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ቢያስጮህብህም።

«ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ላይ ረዳት ነኝ። መኪናው ሲታጠፍ የት ልቁም?» ዱከም

እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ ይኼ ነው። በጭነቱና በግንብ መሃል በፍጹም አትቁም! መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጎማው በቀኝ ይቆርጣል። ከጎማው ኋላ የተረፈው የጭነት ጫፍ ግን ወደ ግራ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 12 ሜትር ፌሮ የጫነ መኪና ሲታጠፍ ቆሜ አየሁ። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ የቀኙን ጎማ እያየ «ና! ና!» ይላል። በግራ በኩል የፌሮው ጫፍ፣ የታሰረበት ቀይ ጨርቅ እየተወዛወዘ፣ የአንዲት ቡና ሻጭ ላስቲክ ቤት ውስጥ ገባ። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ተነስታ ነበር። በርጩማዋ ተገለበጠ፣ ጀበናው ተሰበረ።

ሁለተኛ ሰው በጅራቱ በኩል ይኑር፣ ከሚወጣው ጫፍ ራቅ ብሎ። አንተ ሾፌሩ በስፖኪዮ በሚያይህ ቦታ ቁም። ካላየህ ወዲያው እንዲያቆም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። «ና» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። «ቁም» ግን ማንም ይበል።

«የአጥሬን ማዕዘን የጭነት መኪና ሦስቴ አፈረሰው። ትልቅ ድንጋይ ባቆምስ?» እናት፣ ለገጣፎ

እማማ፣ ድንጋዩ ጎማ ይቀድና መኪናውን እዚያው ደጅዎ ላይ ያስቆምብዎታል። አጥሩን ሲያሠሩ ማዕዘኑን ገደድ አድርገው ያስቆርጡት። ከገዛ ግቢ መሬት መስጠት ያንገበግባል፣ ይገባኛል። ለፈረሰው ግን ታርጋውን ይዘው ትራፊክ ፖሊስ ይጥሩ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ የንብረት ጉዳትንም ይሸፍናል።

«ዝቅ ያለ ሽቦ በእንጨት ከፍ አድርገን ብናልፍስ?» ሰበታ

አይሆንም። ከፍ ያለው የኮንቴይነር ዓይነት (ሃይ ኪዩብ) 2.90 ሜትር ቁመት አለው፤ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ባለው ተሳቢ ላይ ሲጫን 4.40 ይሆናል። ሳትነሱ ለኩ። ሽቦው ዝቅ ካለ ቆማችሁ መብራት ኃይል ጥሩ። ጭነቱ ሽቦ ከነካ ደግሞ፣ እሳት ካልተነሳ በቀር፣ ሾፌሩ ከጋቢና አይውረድ። ከውጭ ያለውም መኪናውን አይንካ።