ተፈታሽና ፈታሽ፦ ስለ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ለደረሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥበቃ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት መልስ ሰጥቻቸዋለሁ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬአለሁ፤ የረዘሙትንም፣ ጸሐፊዎቻቸው ይቅር ይበሉኝና፣ አሳጥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ የሥራ መታወቂያ አንገት ላይ ይንጠልጠል ወይስ ደረት ላይ ይሰካ?

መልስ፦ ፎቶግራፉ ከፊት ለፊት እስከታየ ድረስ የቱም ይሆናል። ከግቢ ሲወጡ ግን ያውልቁት።

ጥያቄ፦ አንድ የጥበቃ ተረኛ፣ መታወቂያ ያልያዙ የመምሪያ ኃላፊን በር ላይ አስቁመው ስማቸውን በመጠየቃቸው በማግስቱ «ሰው አያከብርም» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። «ከእንግዲህ አይቼ እንዳላየሁ ልሁን ወይ?» ይላሉ።

መልስ፦ አይሁኑ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለማይገባው ሰው ነው።

ብዙ በሮች ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገርዎ። ባለጉዳዩ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ኪሱን አራግፎ፣ ቦርሳውን በኤክስሬይ አሳልፎ በሚገባበት በር፣ ኃላፊው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ በጎን ያልፋሉ፤ የብረት መመርመሪያው ይጮኻል፤ ፈታሹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሳል። ከኃላፊው ኋላ ቦርሳ የያዘላቸው ሰው፣ ከእርሱ ኋላ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩም ኋላ ማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይከተላል። ማሽኑ የራሱን ጮኋል፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ፈታሹ ግን በየቀኑ የሚማረው ልብሱ ያማረና አረማመዱ የኮራ ሰው እንደማይጠየቅ ነው። ክፉ አስቦ የሚመጣ ሰውም ይህን አያጣውም፤ ከባለጉዳይ ጋር ተሰልፎ የሚገባ ሞኝ ብቻ ነው።

ነገሩ የማሽን እጥረት አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት መርማሪዎች የቦምብ መሥሪያ ክፍሎችን ደብቀው፣ ከፍተኛ ጥበቃ በሚደረግላቸው 10 የፌዴራል ሕንፃዎች ለመግባት ሞከሩ፤ በ10ሩም ሳይያዙ አለፉ። በየበሩ ጥበቃዎች ቆመው ነበር። ያው ምርመራ ከጥበቃዎቹ አንዳንዶቹ የኤክስሬይና የብረት መመርመሪያ ሥልጠና ሳይሰጣቸው መመደባቸውን ጭምር አጋልጧል። ያልሠለጠነ ፈታሽና የሠለጠነ ነገር ግን አለቃ የሚፈራ ፈታሽ በውጤታቸው አይለያዩም።

ስለዚህ የፍተሻው መመሪያ በጽሑፍ ወጥቶ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ራሳቸው እንዲፈርሙበት ይጠይቁ፤ ከፍተሻ ነፃ የሚሆን ሰው ካለም ምክንያቱ ይጻፍ። መታወቂያውን ለረሳ ሠራተኛ፣ የሥራ ክፍሉ በስልክ ሲያረጋግጥለት የሚሰጥ የዕለት ባጅ ይኑር፤ ያን ጊዜ እርስዎ ማንንም አላዋረዱም፣ ኃላፊውም ደጅ አልቀሩም። ከዚያ በኋላ የበላይ ኃላፊው ቦርሳቸውን ማሽኑ ላይ ያስቀምጡ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በማግስቱ በፍተሻው ሰልፍ ላይ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ ሦስት የመምሪያ ኃላፊዎች ቆመው ነበር። ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ ለቅሬታ ሰሚ ያመልክቱ፤ የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩም አይከፋም።

ጥያቄ፦ በጓሮ በኩል ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር፣ ሲጋራ ለማጨስ የሚወጡ ሠራተኞች በወረቀት ካርቶን ስለሚያስደግፉት ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በሰንሰለት ብንቆልፈውስ?

መልስ፦ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ የትሪያንግል የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰዎች ሞቱ፤ ከመውጫዎቹም አንዱ ተቆልፎ ነበር። እንዲህ ያሉ በሮች ይቆለፉ የነበረው ሠራተኛው ዕቃ ሰርቆ እንዳይወጣ በሚል ነበር። የእናንተም ሐሳብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሩ ከውስጥ በአንድ ግፊት የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው፣ ክፍት ሲቀርም ደወል የሚያሰማ ይሁን። ሲገፋ ደውሎ ከ15 ሰከንድ በኋላ የሚከፈት፣ የእሳት ማንቂያው ሲጮህ ግን ወዲያውኑ የሚለቅ መቆለፊያም አለ፤ ይህንን ግን የእሳት አደጋ መከላከል ባለሙያ ሕንፃውን ሳያይ እንዳትገጥሙት፤ ሻጩ «ችግር የለውም» ቢላችሁም እንኳ። ለአጫሾቹ ደግሞ ሌላ ቦታ ስጧቸው፤ ካርቶኑ ያኔ ከበሩ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ካሜራ በየኮሪደሩ ተክለናል፤ ላፕቶፖች ሲጠፉብን ግን ምስሉ ተደምስሶ አገኘነው። ተጨማሪ ካሜራ እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ። መቅረጫው ማጠራቀሚያው ሲሞላ በአሮጌው ምስል ላይ አዲሱን ይጽፋል። ንብረት የምትቆጥሩት በየወሩ ከሆነ ምስሉ ከወር በላይ እንዲቆይ ማጠራቀሚያውን አሳድጉ፤ የመቅረጫው ሰዓት ትክክል መሆኑንም የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በስም መድቡ።

ጥያቄ፦ መኪኖች ከሕንፃው ግድግዳ ሥር ይቆማሉ። የኮንክሪት የአበባ ማስቀመጫ ብንደረድር ይበቃል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1995 በኦክላሆማ ከተማ 168 ሰዎችን የገደለው ፍንዳታ የደረሰው ከፌዴራሉ ሕንፃ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ከቆመ የጭነት መኪና ነው። የፍንዳታ ኃይል ርቀት ሲጨምር በፍጥነት ስለሚቀንስ መጀመሪያ መኪኖቹን አርቁ። መሬት ውስጥ ያልታሰረ የአበባ ማስቀመጫ ከባድ መኪናን አያቆምም፣ መኪናው ገፍቶት ያልፋል። በፍንዳታ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቆስለው በተሰባበረ መስታወት በመሆኑ፣ ስብርባሪውን የሚይዝ ፕላስቲክ ልባስ መስኮቶቹ ላይ ማስለጠፍ ይጠቅማል። ከዚህ በላይ ያለው ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ የግንባታ መሐንዲስ መጥቶ ምሰሶዎቹን ሳያይ ኮንክሪት አታፍስሱ፣ አንድም ነገር አትትከሉ።

ጥያቄ፦ ባለጉዳዮች በር ላይ ሲመዘገቡ ከእነርሱ በፊት የገባውን ሰው ስምና ስልክ ያነባሉ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። መዝገቡ በተረኛው እጅ ሆኖ እርሱ ይጻፍ። የመውጫ ሰዓት የሚለውን ዓምድ ማን እንደሚሞላው ግን አልነገሩኝም፤ እንደ ብዙዎቹ ባዶ ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ የሚያውቅ አይኖርምና ከነገ ጀምሮ ያስሞሉት።