«ፈቃድ አለን» ያሉት የትኛውን ፈቃድ ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ደጀን ወረዳ ውስጥ ጤፍ አራሽ ነው። ከማሳችን በላይ የድንጋይ ክሬሸር ከተተከለ ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ። ብናኙ ጤፉ ላይ ይተኛል፤ ድማሚት ሲፈነዳም የቤታችን ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። ለቀበሌ ስንናገር «ፈቃድ አለው» ተባልን። ባለቤቱ ደግሞ «መንደሩ በስብሰባ ተስማምቷል» እያለ የፈረምንበትን ወረቀት ያሳያል። እኛ የፈረምነው የስም መቆጣጠሪያ ላይ ነበር። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቀበሌው አልዋሸ ይሆናል። ድንጋይ ለማውጣት የማዕድን ፈቃድ፣ ለመሸጥ የንግድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ሁለቱንም ይዞ ሊሆን ይችላል። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት ግን ሦስተኛውን ወረቀት፣ የአካባቢ ጥበቃ ይሁንታውን ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ (ሥራው በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ የሚታይበት ጥናት) የሚያስፈልገው ሥራ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ሌሎቹ ፈቃድ ሰጪዎችም ይህ መሟላቱን ሳያረጋግጡ ፈቃድ እንዳይሰጡ ያዛል። ያለዚህ ይሁንታ የጀመረ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ለክሬሸር ባለቤት ይህ የሚያስደነግጥ ገንዘብ አይደለም፤ ቅጣቱም ወደ አባትዎ ኪስ አይገባም።

የግምገማው ሰነድ ምስጢር አይደለም። አዋጁ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያስገድዳል። ስለዚህ ወረዳው ላለው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት (ስሙ በየጊዜው ስለሚቀያየር በሩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ) ቅጂ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። ሰነዱ ከሌለ ነገሩ ቀለለ። ካለ ደግሞ ባለቤቱ ቃል የገባበትን ክፍል ደጋግመው ያንብቡ፤ «መንገዱን ውኃ እናርከፈክፋለን፣ ፍንዳታ በዚህ ሰዓት ብቻ እናደርጋለን» የሚል ካገኙና መንደሩ የውኃ ቦቴ አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ክርክርዎን ባለቤቱ ራሱ ጽፎልዎታል ማለት ነው።

ፊርማው ብዙ አያስጨንቅዎ። በስብሰባ መገኘት መስማማት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 የሚያነሳው በቀጥታ ስለሚነካው ፕሮጀክት ሕዝብ ምክክር ተደርጎ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ነው። ቃለ ጉባኤውን አውጡ በሏቸው፤ ማን ምን አለ? የስም መቆጣጠሪያው ሌላ ቃለ ጉባኤ ላይ ተሰፍቶ ከተገኘ ያ ራሱን የቻለ የወንጀል ጉዳይ ነው፤ ለብቻው እንመለስበታለን።

ይሁንታው በትክክል የተሰጠ ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ካደረሰው ጉዳት ኃላፊነት አያድነውም። ይህን የሚለው የተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ ራሱ ነው።

አሁን ስለ ጊዜ። ለቀበሌ በቃል መናገር በሕግ ፊት አቤቱታ ሆኖ አይቆጠርም። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ አለብዎት። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ነገ ና» እየተባለ ቀኑ ያልፋል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያስገቡና አንዱን ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርገው ይያዙ።

ካሳው ሌላ መንገድ አለው። ለግድግዳው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ይጠቅምዎታል፤ ፈንጂ የሚጠቀም ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ለብናኙ ቁጥር 1225ን ይመልከቱ፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስና ጥላሸት የመሳሰለውን ወደ ጎረቤት መልቀቅን ይከለክላል። የካሳ ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይቀራል (ቁጥር 2143)፤ እርስዎ ደግሞ ሁለተኛውን ክረምት ይዘዋል። የተጎዱት ብዙ አባወራዎች ከሆኑ በፍርድ ቤት ፈቃድ አንዱ ስለ ሁሉም ሊከስ ይችላል (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38)፤ ወጪውም ይካፈላል።

ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ጤፉ ሳይታጨድ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማሳው ድረስ ይውሰዱ፤ ብናኝ የለበሰውንና ብናኝ ያልደረሰበትን ማሳ አነጻጽሮ የምርት ግምት በጽሑፍ ይስጥዎት። የግድግዳውን ስንጥቅ ከቀኑ ጋር ፎቶ ያንሱ፤ ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ በቦታው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶችም ይፈርሙበት።