ያወረዳችሁት ብቻ ይመስላችኋል

እናንተ ልጆች፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ዘፋኝ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። አሜሪካ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርክ ክፍል ነበር የምሰራው፣ የተማሪ ማደሪያው ኢንተርኔት በኔ እጅ ነበር። ከ2007 ጀምሮ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ማህበር ያለፈቃድ ዘፈን በኢንተርኔት በሚወስዱና በሚቀያየሩ ተማሪዎች ጉዳይ ለኮሌጆች ደብዳቤ በብዛት መላክ ሲጀምር ደብዳቤዎቹ የሚደርሱት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደብዳቤው ላይ የሰው ስም የለም። አይፒ አድሬስ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ከስሩ የዘፈኖች ዝርዝር፣ በቃ። እኔ ሎጉን፣ ማለት ኔትወርኩ የሚይዘውን መዝገብ፣ ከፍቼ ያ አድሬስ በዛች ደቂቃ ለየትኛው ላፕቶፕ እንደተሰጠ አያለሁ። ሻይ እስኪቀርብ እንኳን አይፈጅም። ልጁ ገና ክላስ ውስጥ ተቀምጦ እያዛጋ እኔ ስሙን አውቄዋለሁ።

ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ግን "ከሚሊዮን ሰው መሀል እኔን ማን ያውቀኛል" የሚለው ነገር ስንቱን ልጅ ጉድ እንዳደረገው በአይኔ ስላየሁ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። አብዛኛው ልጅ የሚያስበው "አወረድኩ፣ ሰማሁ፣ አለቀ" ብሎ ነው። ቶረንት የሚባለው ፋይል መቀያየሪያ መንገድ ግን እንደዛ አይሰራም። ፋይሉ ትናንሽ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዱን ቁራጭ ከአንዱ ሰው ሌላውን ከሌላው ትወስዳላችሁ፣ እና የመጀመሪያዋ ቁራጭ እጃችሁ እንደገባች የናንተ ኮምፒውተር ደግሞ ለሌላው መስጠት ይጀምራል፣ ፋይሉ ሳያልቅ ማለት ነው፣ እናንተ ሳትጠየቁ። ስለዚህ በህግ አይን እናንተ ወሳጅ ብቻ አይደላችሁም፣ አከፋፋይ ናችሁ። የቅጂ መብት ደግሞ መቅዳትንም ማከፋፈልንም ለባለመብቱ ነው የሚሰጠው። የድሮዎቹ የዘፈን መቀያየሪያ ፕሮግራሞችም፣ እነ ካዛ፣ እነ ላይምዋየር፣ ያው ናቸው፣ ያወረዳችሁት ሁሉ ሼር የሚደረግ ፎልደር ውስጥ ነበር የሚገባው፣ አንዳንዱ ልጅማ ሙሉ ዶክመንት ፎልደሩን ሳያውቅ ከፍቶ የቤተሰቡን የታክስ ወረቀት ለአለም ሲያድል ነበር። (ከዘፈኑ ይልቅ እሱ ነበር እኔን የሚያስደነግጠኝ።)

ታዲያ እንዴት ያገኙሃል ትሉኛላችሁ። ሰብሮ መግባት ምናምን የለም። ለባለመብቱ የሚሰራው ተቆጣጣሪ ራሱ ያንኑ ፋይል የሚያወርድ መስሎ ይገባል፣ ፕሮግራሙ ቁራጭ የሚሰጡትን ሰዎች አድሬስ ራሱ ያሳየዋል፣ እሱ ይመዘግባል። ከዛ በፍርድ ቤት በኩል የኢንተርኔት ድርጅቱን "ይህ አድሬስ የማን ነው" ብሎ ያስጠይቃል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የሚወጣው ስም የናንተ ላይሆን ይችላል፣ ኢንተርኔቱ በማን ስም ነው? በአባባ ወይ በእማማ። አስቡት፣ ቶረንት የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰው የክስ ወረቀት ሲከፍቱ።

ገንዘቡን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ህግ ባለመብቱ ስንት እንደከሰረ ማሳየት አይጠበቅበትም፣ ህጉ ራሱ ተመን አስቀምጧል፣ ለአንድ ስራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ እስከ 150,000። ለአንድ አልበም አላልኩም፣ በየዘፈኑም ሊቆጠር ይችላል። በ2003 መስከረም ላይ በአንዴ 261 ሰው ሲከሰስ አንዷ የ12 አመት ልጅ ነበረች፣ እናቷ 2,000 ዶላር ከፍላ ነው የጨረሰችው። ሚኒሶታ ያለች አንዲት እናት ደግሞ በጥቂት ሺህ ጨርሺ ስትባል እምቢ ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች፣ በ24 ዘፈን ነው። 2007 ላይ 222,000 ዶላር ተፈረደባት፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ተባለና 2009 ላይ 1.92 ሚሊዮን ሆነ፣ ከዛ ተቀነሰ፣ ደግሞ ወጣ፣ ወረደ፣ መጨረሻ 2012 ላይ ይግባኝ ሰሚው ወደ 222,000 መለሰው። ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር፣ ያኔ አንድ ዘፈን በህጋዊ መንገድ በአንድ ዶላር ይገዛ ነበር። እኔ በበኩሌ ቅጣቱ ልክ ነው አልልም፣ ያኔም አላልኩም፣ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ግን ዳኛው እኔን አይጠይቀኝም እናንተንም አይጠይቅም።

"ለመሞከር ነው ያወረድኩት፣ ከወደድኩት እገዛዋለሁ" የሚለው ሰበብም ተሞክሯል። 2005 ላይ ቺካጎ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፣ ሴትየዋ በ30 ዘፈን 22,500 ዶላር ክፈይ ተባለች፣ ትንሹ ተመን ነው እሱ። "አልሸጥኩም" ማለትም አያድንም። ዘፈኑ የቆየ ነው የሚለው ሰበብ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ዘፈን ላይ ሁለት መብት አለ፣ የድርሰቱና የተቀረፀው ድምፅ፣ ደራሲው ከሞተ መቶ አመት ያለፈው ዜማ እንኳን አምና ተቀርፆ ከሆነ የቀረፀው ሰው መብት አለበት። አድሬስን ስለሚደብቀው ቪፒኤን ስለሚባለውም ትጠይቁኛላችሁ መቼም፣ ኮኔክሽኑ አንዴ ከተቋረጠ እውነተኛው አድሬስ ብቅ ሊል ይችላል፣ ባይልም ደግሞ ድርጊቱ ያው ነው።

ማህበሩ በ2008 መጨረሻ ላይ ተራ ሰዎችን በጅምላ መክሰሱን አቆመ፣ ልክ ነው። በዛ ግን ነገሩ አላበቃም። ጀርመን የጠበቃ ደብዳቤ ከነሂሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ፈረንሳይ ማስጠንቀቂያ ይላካል፣ ካልሰሙ እስከ 1,500 ዩሮ መቀጮ አለ። የምትኖሩበት አገር ህግ ምን እንደሚል እዩ፣ እኔ የሁሉን አላውቅም።

ደብዳቤ ከመጣባችሁ ደግሞ አትደብቁት፣ ቀኑ አያሳልፋችሁ፣ ጠበቃ ፈልጉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ኮምፒውተሩን አታፅዱ። ያቺ ሚኒሶታ ያለችው ሴት ሃርድ ዲስኳ መቀየሩ ፍርድ ቤት ላይ ተነስቶ ጎድቷታል። ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ቢሮዬ ድረስ መጣ፣ የኛው ልጅ ነው፣ በሩን ዘጋና "ጋሼ፣ ያንን ሎግ ማጥፋት አይቻልም?" አለኝ በአማርኛ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ላጠፋው እችል ነበር፣ ሁለት ክሊክ ነው፣ ግን ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ያንን ባደርግ እሱም እኔም ነን የምንጠፋው። አይቻልም አልኩት። ከዛ በኋላ ብዙ ቀን ሰላም አላለኝም። 3,000 ዶላር ነበር የተጠየቀው፣ ክረምቱን ሙሉ ሌሊት እየሰራ ከፈለ። በኋላ ታርቀን ስናወራ ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣና አሳየኝ፣ 11 ዘፈን፣ ሰባቱን በእስክሪብቶ ሰርዟቸዋል። ምንድነው የሰረዝከው አልኩት። "እነዚህን" አለኝ፣ "አንዴም ከፍቼ ሰምቻቸው አላውቅም፣ ከሌሎቹ ጋር አብረው ነው የገቡት።"