«ብዙ ቫይታሚን አለው» ወይስ «ብዙ ቫይታሚኖች አሉት»?

ጥያቄ፦ ጅማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሰፈራችን ያለ ጁስ ቤት ግድግዳው ላይ «አቮካዶ ብዙ ቫይታሚን አለው» ተብሎ ተጽፏል። ቫይታሚን አንድ ነገር ስላልሆነ «ብዙ ቫይታሚኖች አሉት» ተብሎ ይታረም ብላት ባለቤቷ ሳቀችብኝ። የተሳሳትነው ማናችን ነን?

መልስ፦ መምህር፣ ሳይንሱ ከእርስዎ ጋር ነው፤ አማርኛው ግን ከሴትዮዋ ጋር። «ሄርማታ ገበያ ብዙ ሰው አለ» ሲባል ሰውየው አንድ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ብዙ» ካለ «ኦች» የግድ አይደለም። እንዲያውም «ብዙ ቫይታሚን» መጠኑንም ዓይነቱንም ይይዛል። «ቫይታሚኖች» ካሉ ግን ዓይነት ሊቆጥሩ ነው፤ ስፕሪስ ሊጠጣ የገባ ሰው ደግሞ አይቆጥርም።

ቆጠራው ለሳይንቲስቶቹም ቀላል አልነበረም። ፖላንዳዊው ካሲሚር ፈንክ በ1912 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣው «ቪታ»ን፣ ሕይወት ማለት ነው፣ «አሚን» ከተባለው የኬሚካል ወገን ጋር አጋጥሞ ነው። ሁሉም አሚን እንዳልሆኑ ሲታወቅ፣ እንግሊዛዊው ጃክ ድራመንድ በ1920 ከእንግሊዝኛው ስም (vitamine) መጨረሻ «e»ን አስቆረጠና ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ ይጠሩ አለ። ቢ ግን አንድ መስሎ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ቢ1፣ ቢ2 እየተባለ ተከፋፈለ፤ ቢ4 የተባለው ቫይታሚን አይደለም ተብሎ ወጣ፤ ቢ12 ተለይቶ የተገኘው በ1948 ነው። ተማሪዎችዎ «ቢ4 የት ሄደ?» ካሉ መልሱ ይኸው ነው። ፋርማሲ ውስጥ «ቢ ኮምፕሌክስ» የሚባለውም የዚህ ቤተሰብ ስብስብ ነው፤ «ቢ ኮምፕሌክሶች ስጪኝ» የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም።

እርስዎ ያሉት «ኦች» ቦታው የፈተና ወረቀት ነው፦ «በስብ የሚሟሙት ቫይታሚኖች አራት ናቸው፤ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ።» እዚህ እያንዳንዱ በስሙ ስለተቆጠረ ግሱም አብሮ ይበዛል።

እርማት ካማረዎት ግን «ቫይታሚን ከምግብ ብቻ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይያዙልኝ። ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ራሱ በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል፤ አሠራሩም ወደ ሆርሞን ስለሚያደላ ስሙ በልማድ ነው የቀረው። «ብቻ»ን አውጥተው «በአብዛኛው» ያስገቡ።

«ቪታሚን» ወይስ «ቫይታሚን» ለሚለው ሁለቱም ይነበባል፤ ዛሬ የበረታው «ቫይታሚን» ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አይቀላቅሏቸው።