ኖቲፊኬሽን መላክ እችላለሁ ብዬ ነበር፣ ኢንተርቪው ላይ ግን ዝም አልኩ

ጥያቄው በአጭሩ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በፓይተን ወደ ስልክ ፑሽ ኖቲፊኬሽን የሚልክ ፕሮጀክት ሠርቼ ሲቪዬ ላይ አስገባሁት፣ ራሴንም «የክላውድ ኤክስፐርት» አልኩ። ለጀማሪ የባክኤንድ (ከጀርባ የሰርቨሩን ኮድ የመጻፍ) ሥራ ኢንተርቪው ስቀርብ «መልእክቱ ባይደርስስ?» አሉኝ። ምንም አልመለስኩም። አሁን የክላውድ ሰርተፊኬት ልውሰድ፣ ሞባይል ልማር ወይስ ሌላ ነገር፣ ግራ ገብቶኛል። ኮዱን ጊትሀብ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ኮድሽን ከፍቼ አየሁት። መልእክቱን የምትልኪበት የጎግል አገልግሎት፣ የፋየርቤዝ፣ ቁልፍሽ፣ ያ ሰርቨርሽ ራሱን የሚያስተዋውቅበት የሰርቪስ አካውንት የጄሰን ፋይል፣ እዚያው ከኮዱ ጋር ተቀምጧል። ያገኘው ሁሉ አውርዶት አፕሽን ለጫነ ሰው በአንቺ ስም የፈለገውን መላክ ይችላል። ፋይሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ጊት የድሮውን ሁሉ ያስታውሳል። ጎግል ክላውድ ኮንሶል ገብተሽ ቁልፉን ሰርዢው፣ አዲስ አውጪ፣ አዲሱን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጪ አኑሪው። ይህን ጨርሰሽ ነይ፣ እጠብቃለሁ።

ጨረስሽ? እሺ።

ሰርተፊኬቱን ለጊዜው ተዪው። ኢንተርቪው ላይ የጎደለሽ ወረቀት አይደለም፣ ያንቺ ፕሮጀክት ያቆመው ሥራው ሊጀምር ሲል ነው። አልፈርድብሽም፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ እዚያው ላይ ነው የሚያልቀው፤ ፋየርቤዝ አድሚን የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ በፒፕ ትጭኛለሽ፣ ቁልፉን ታስገቢያለሽ፣ የስልኩን ቶክን (አፑ በዚያ ስልክ ላይ ያለውን አድራሻ በይው) እና ጽሑፉን ትሰጪዋለሽ፣ «ሰንድ» ትያለሽ፣ ስልክሽ ጢን ይላል፣ ቪዲዮው አለቀ። አሥር መስመር ኮድ ናት። አሥር መስመር ለመጻፍ ደግሞ ሰው አይቀጠርም።

«ሰንድ» ስትዪ የሚመለስልሽ ነገር ምን እንደሆነ ልብ ብለሽ አይተሽዋል? የመልእክት መለያ ነው። ትርጉሙ «ጎግል ተቀብሎኛል» ማለት ብቻ ነው። ስልኩ ጋ ደርሷል አይልም፣ ሰውየው አይቶታልም አይልም። ስልኩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ዳታ አልሞላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ላይ ደግሞ አዲስ የተጫነ አፕ ኖቲፊኬሽን ለማሳየት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ሰውየው «አልፈልግም» ብሎ ከሆነ ያንቺ ሰርቨር ሌሊቱን ሙሉ ቢልክ ማንም አያይም። ጎግል ፕሌይ ሰርቪስ የሌላቸው አዳዲሶቹ የሁዋዌ ስልኮች ላይማ በዚህ መንገድ ጨርሶ አይገባም። «ባይደርስስ?» ያሉሽ ይሄንን ነው።

ስለዚህ የሁለት ሳምንት ሥራ ልስጥሽ። አዲስ ፕሮጀክት አትጀምሪ፣ ያንኑ አሻሽይው።

መጀመሪያ ቶክኑን። አሁን ኮዱ ውስጥ በእጅሽ ጽፈሽዋል፣ አንድ ስልክ፣ የራስሽ። ዳታቤዝ ውስጥ አስገቢው። አንድ ሰው ሁለት ስልክ ሊኖረው ስለሚችል ከተጠቃሚው ሰንጠረዥ ለይተሽ የራሱን ሰንጠረዥ ስጪው። ከዚያ አስቢ፦ አንዲት ልጅ ከአፑ ወጥታ ስልኳን ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ስትወጣ ቶክኑን ከስሟ ካላላቀቅሽው የእሷ የክፍያ መልእክት ወንድሟ እጅ ላይ ይጮሃል። ይሄ ኢንተርቪው ላይ ብትነግሪያቸው ቀና ብለው የሚያዩሽ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያስበውም።

ቀጥሎ ብዛት። ለአንድ ሰው መላክ ይቻላል፣ ለአሥር ሺህስ? በሉፕ አንድ በአንድ እንዳትዪኝ። «ሰንድ ኢች ፎር መልቲካስት» የሚባለው ጥሪ በአንድ ጊዜ እስከ 500 ቶክን ይቀበላል፣ ስለዚህ አሥር ሺው ሃያ ቡድን ይሆናል። የሚመለሰው ዝርዝር በላክሽው ቶክን ቅደም ተከተል ነው፣ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው። «አንሬጂስተርድ» የሚል ስህተት ያመጣው ቶክን ሞቷል፣ አፑ ተነቅሏል ወይ ቶክኑ ተቀይሯል፣ ከዳታቤዝሽ አውጪው። ሰርቨሩ ለጊዜው ከተጨናነቀ ወይ ኮታ አልፈሽ ከሆነ ትንሽ ጠብቀሽ ደግመሽ ሞክሪ፣ እንደገና ካልሆነ ጠበቅ ጠበቅ የምታደርጊውን ጊዜ እያረዘምሽ። መልእክቱ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜ ብትልኪው አይሄድም፣ መዝግበሽ እለፊው። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ፣ እሱ ነው ደመወዝ የሚያስከፍለው።

ደግሞ ይሄን ሁሉ ዌብሳይቱ ጥያቄ በሚያስተናግድበት ቦታ ላይ አታድርጊው። ሰውየው «እዘዝ» የሚለውን ተጭኖ ያንቺ ኮድ ሃያ ቡድን እስኪልክ መንኮራኩር ሲዞር ማየት የለበትም። በሴለሪ (ሥራን ከጀርባ የሚያስኬድ የፓይተን መሣሪያ) እና በሬዲስ (ወረፋውን የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ) ወደ ኋላ ወረፋ አስገቢው። ሬዲስ ከከበደሽ ዳታቤዝ ውስጥ «የሚላኩ» የሚል ሰንጠረዥ አበጅተሽ በየደቂቃው የሚያነብ ትንሽ ስክሪፕት ጻፊ፣ ለማሳያ ይበቃል።

የመልእክቱ ዕድሜም አለ። ምንም ካላልሽ ፋየርቤዝ ለጠፋ ስልክ መልእክቱን እስከ አራት ሳምንት ይይዝለታል። ለበዓል ሰላምታ ችግር የለውም። ለአምስት ደቂቃ የሚያገለግል የማረጋገጫ ኮድ ግን፣ መብራት ጠፍቶበት ስልኩን ሳይሞላ ያደረ ሰው በማግስቱ ሲከፍት የትናንቱ ኮድ ዱብ ይልበታል። ዕድሜውን አምስት ደቂቃ አድርጊው።

ሰዓት! ይሄን በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ ነው በጩኸት የምጽፈው። ድሮ የምሠራበት ቦታ ለበዓል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንኳን አደረሳችሁ እንድንል ታዘዝን። እኔ ሆዬ ሰርቨሩ ላይ 2 ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፣ እኛ ከሱ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ የእሱ 2 ሰዓት የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የኛ ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ነው፣ ሦስት ሲቀነስ መጻፍ የነበረብኝ 5 ነበር። ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ነቃ፣ ጥቂት የማይባለውም አፑን ነቀለው። እስከዛሬ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ሆዴን ያመኛል። ይሄን ለውጭ ድርጅት ኢንተርቪው ብትሰጪም ተናገሪው፣ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ራሱ ጥሩ የጨዋታ መክፈቻ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ብቻ የምትሆን። አንድ መልእክት ከ4096 ባይት መብለጥ የለበትም። የፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ ስምንት ሦስት ባይት ይበላል፣ የእንግሊዝኛው ግን አንድ። ለእንግሊዝኛ ተጠቃሚ የሚበቃው ቦታ ለኛ ሲሶ ነው ማለት ነው። ርዝመቱን በፊደል ሳይሆን በባይት ለኪው።

የቱ ክላውድ ይሻለኛል ካልሽ፣ በአጭሩ፦ ፋየርቤዝ ላይ ቆዪ። የአማዞን ክላውድ መልእክት መላኪያ፣ ኤስኤንኤስም፣ ያንኑ ይሠራል፣ በፓይተን በቦቶ 3 ላይብረሪ ትጠሪዋለሽ፣ ግን ለአንድሮይድ ሲሆን እሱም ዞሮ በፋየርቤዝ፣ ለአይፎን ሲሆን በአፕል በኩል ነው የሚያልፈው። አካውንት ለመክፈትም ካርድ ይጠይቅሻል፣ የፋየርቤዝ ነጻ ፕላን ግን አይጠይቅም። አይፎኑንም ለአሁን እርሺው፣ የአፕል የዴቨሎፐር አባልነት በዓመት 99 ዶላር ነው።

«ሰርቨር ኪ» የሚል ትምህርት ካጋጠመሽ ደግሞ ዝጊው። ጎግል ያንን አሮጌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊያቆም መሆኑን አሳውቆ በ2024 መዝጋት ጀምሯል። የአሁኑ ቶሎ ቶሎ በሚያልቅ ፈቃድ ነው የሚሠራው፣ አድሚን ላይብረሪው ራሱ ያድስልሻል። ያንቺ ኮድ አዲሱን ነው የሚጠቀመው፣ በዚህ ጎበዝ ነሽ።

ሞባይል ልማር ላልሽው፣ አንድሮይድ ሙሉ በሙሉ መማር አያስፈልግሽም። የፋየርቤዝን የናሙና አፕ አውርደሽ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ከዚያ ስልኩን ሆን ብለሽ አስቸግሪው፦ አጥፊው፣ ፈቃዱን ከልክዪ፣ አፑን ንቀይ፣ ከሴቲንግ ውስጥ ፎርስ ስቶፕ አድርጊው፣ እያንዳንዱ ሲሆን ሰርቨርሽ ምን እንዳለ በደብተርሽ ያዢ። ፎርስ ስቶፕ የተደረገ አፕ ሰው በእጁ እስኪከፍተው ድረስ አይቀበልም፣ ስታዪው ይገርምሻል። ያ ደብተር ነው ለኢንተርቪው የምታነቢው። የማታውቂው ነገር ከጠየቁሽም ዝም አትበይ፣ «ይሄን አልሞከርኩትም፣ ብሞክረው ግን ከዚህ እጀምራለሁ» በይ። ጀማሪ እየቀጠሩ መሆኑን ያውቃሉ እኮ።

በመጨረሻ ሲቪሽ ላይ ስላለው «የክላውድ ኤክስፐርት»። አጥፊው፣ እባክሽ። በቦታው ሥራው ሲያልቅ እንዲህ ጻፊ፦ «በፓይተንና በፋየርቤዝ የኖቲፊኬሽን አገልግሎት ሠርቻለሁ። በ500 ቡድን ይልካል፣ የሞቱ ቶክኖችን ራሱ ያጸዳል፣ ጊዜያዊ ስህተት ሲገጥመው ደግሞ ይሞክራል።» ከሥሩ የጊትሀቡን ሊንክ አድርጊ። ቁልፉን በእርግጥ ሰርዘሽው ከሆነ።