ሥራ ሲበዛ የሚጠፋው የኤፍፒጂኤ ካርድ

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብለን ሰርቨሮቻችን ውስጥ የኤፍፒጂኤ (ውስጡ ለተፈለገው ሥራ እንደገና የሚዋቀር ቺፕ) ማፍጠኛ ካርዶች አስገብተን ነበር። ሥራ ሲበዛ ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም አንዱ ካርድ ከሲስተሙ ይጠፋል። ወዲያው ብናስነሳው አይታይም፤ ጠፍቶ ካደረ ግን ይመለሳል። ከዚህ በፊት ያየው ባለሙያ ትንሽ ማራገቢያ ለጥፎበታል። የኃይል ፍጆታችንም አልቀነሰም።

መልስ፦ ካርዱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ጥርጣሬዬ አየሩ ላይ ነው። ማራገቢያዎቹ ገና ሲነሱ ጀምረው ቢጮኹ ኖሮ ሰርቨሩ ካርዱን አላወቀውም እል ነበር። ሲሠራ ጠፍቶ፣ ሲበርድ የሚመለስ ካርድ ግን ራሱን ከሙቀት እያዳነ ነው።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ሁለቱንም የኃይል ገመዶች ይንቀሉ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ባለው ሰርቨር አንዱን ብቻ መንቀል ምንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ያንን የተለጠፈ ማራገቢያ አንሱልኝ። እንዲህ ያለው ካርድ የሚበርደው ከሰርቨሩ ፊት ወደ ኋላ በሚነፍሰው አየር ነው፤ ከላይ የተጣበቀ ርካሽ ማራገቢያ መንገዱን ከመዝጋት በቀር የሚፈይደው የለም። ቀጥሎ አየሩን የሚመራው የፕላስቲክ ሽፋን የት እንዳለ ይፈልጉ። ካርዱ አልገባ ሲል አውጥተው መደርደሪያ ላይ እንደጣሉት እገምታለሁ። የባዶ መሰኪያዎቹንም መክደኛዎች ይመልሱ። ሽፋኑ ከካርዱ ጋር ካልገጠመ ለዚያው የሰርቨር ሞዴል የተሠራውን ይዘዙ፤ ካርቶን ቆርጦ ማስገባት ጥገና አይባልም።

ቁጠባው የት እንደገባ ደግሞ ልንገርዎ፤ ይህን ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። የማራገቢያ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚወስደው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በግማሽ ፍጥነት 5 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በሙሉ ፍጥነት ወደ 40 ዋት ይጠጋል። ስድስት ቢሆኑ ከ30 ዋት ወደ 240 ዋት ዘለሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቺፕ በሞቀ ቁጥር ምንም ሳይሠራ የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ የፈሰሰው መልሶ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ማራገቢያውን ያስሮጣል። ካርዱ የቆጠበውን ማራገቢያዎቹ እየበሉት ነው።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ የካርዱን የኃይል ገመድም ይዩ። ካርዱ የገባበት መሰኪያ ራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ቀሪው በገመድ ይመጣል። ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ገመድ) ወደ ካርዱ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ርካሽ አስማሚ ካገኙ ይጣሉት። የሳታው ጫፍ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ የሚጠየቀው እስከ 150 ዋት ነው፤ የቀለጠ ፕላስቲክ የሚሸተውም ከዚህ የተነሣ ነው። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ገመድም ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን 12 ቮልቱና መሬቱ (ግራውንዱ) ተገላብጠው የተቀመጡ ናቸው። ካርዱ የትኛውን እንደሚፈልግ መመሪያውን አንብበው ይሰኩ። ሲሰኩም ሁለቱም የኃይል ገመዶች የተነቀሉ ይሁኑ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሁለቱም።

ከዚያ ሙሉ ሥራ ሰጥተው የካርዱን ሙቀት ይከታተሉ። ሙቀቱ ከአምራቹ ገደብ በታች ሆኖም ከጠፋ፣ ያኔ ካርዱን እንጠርጥር። ፍጆታውን በሰዓት ሳይሆን አንድ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ በሚወስደው ኃይል ይለኩ። ሥራ ሳይኖር ዋቱ አልወርድ ካለም ኤፍፒጂኤው ላይ የሚጫነውን ዲዛይን የጻፉትን ሰዎች ክሎኩን (የቺፑን የሥራ ምት) ሥራ ሲጠፋ እንዲያቆሙት ይጠይቋቸው።