የቆሸሸ አየርና ዕድሜ፦ ጥያቄና መልስ

ሙያዬ የኅብረተሰብ ጤና ነው። ስለ አየር ብክለት ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጭስ ሞተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይገድላል የሚባለው በምን ታውቆ ነው?

መልስ፦ እውነትህን ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነው። የአየሩ ድርሻ የሚታወቀው ብዙ ሰው ለዓመታት ሲከታተሉ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ6 የአሜሪካ ከተሞች 8,111 አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ1993 አወጡ። ያኔ ብረት ይቀልጥባት በነበረችው ስቱበንቪል፣ ኦሃዮ፣ የሞት መጠን አየሯ ንጹሕ ከሆነው ፖርቴጅ፣ ዊስኮንሲን በ26 በመቶ በለጠ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ከተማ ሰው ብዙ ሲጋራ ስለሚያጨስ ቢሆን?

መልስ፦ ይህን ያልጠየቀ ጥናት አንባቢ አይባልም! 26 በመቶው ሲጋራ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምህርትና ውፍረት ከሒሳቡ ከወጡ በኋላ የቀረው ነው። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን በ2006 የወጣው ተከታይ ጥናት ነው፦ የከተሞቹ አየር ሲጸዳ ሞትም አብሮ ቀነሰ። ስለዚህ «ለ20 ዓመት ታክሲ ነዳሁ፣ አሁን ብጠነቀቅ ምን ዋጋ አለው» ላልከው ወንድሜም መልሱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሳንባን ይጎዳል ቢሉኝ ይገባኛል። ልብን ምን አገናኘው?

መልስ፦ ዋናው ጥፋተኛ ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል የሚቀጥነው ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። ሰውነት በዚያ ምክንያት ሲቆጣ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ይጠባሉ፣ ደምም ቶሎ ይረጋል። ሳል ሳይኖር ይህ ሁሉ ለዓመታት ሊካሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ገጠር ነን፤ መኪናም ፋብሪካም የለም። እናቴ በእንጨት ትጋግራለች።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ከአዲስ አበባ አስፋልት ዳር የእናትሽ ማዕድ ቤት ሊብስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደቀጠፈ ገምቷል። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ከሌለ ጭስ ማውጫ፣ ደረቅ እንጨት፣ ከመኖሪያው የተለየ ማዕድ ቤት። ሕፃን አዝሎ መጋገር ግን ይቅር። ከሰልም ጭሱ ስለማይታይ ብቻ ደህና ነው አይባልም፤ በተዘጋ ክፍል በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ጥያቄ፦ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማድረግስ?

መልስ፦ ለአቧራው እንጂ ለደቃቁ ብናኝ አይረባም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማይጎዳው መጠን ስንት ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክር ነበር፤ በ2021 ወደ 5 አወረደው። ከዚህ በታች ምንም አይጎዳም የሚባል ወለል ስላልተገኘ፣ 5ትንም የደህንነት ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙት።